የነፍሳት ኩስ ለአፈር፦ ምንነቱ፣ ጥቅሙና ወሰኑ

የነፍሳት ኩስ ነፍሳት ከተመገቡ በኋላ ከሰውነታቸው የሚያስወግዱት ቅሪት ነው። ባለሙያዎች «ፍራስ» ይሉታል፤ ቃሉ የመጣው ከጀርመንኛ ሲሆን ሥሩም «መብላት» ነው። ለገበያ የሚቀርበው ፍራስ ግን ከኩስ ሰፋ ያለ ነገር ነው። ከማርቢያ ሣጥኑ ሥር ተጠርጎ በወንፊት ሲነፋ ከኩሱ ጋር እጮቹ ሲያድጉ የጣሉት ቅርፊት፣ ተበልቶ ያላለቀ መኖ፣ ያልተፈለፈለ እንቁላልና የሞተ ነፍሳት አብሮ ይወጣል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ደንብ ይህንኑ ድብልቅ «ፍራስ» ብሎ ተርጉሞ፣ በውስጡ ያለው የሞተ ነፍሳት በይዘት ከ5 በመቶ፣ በክብደት ከ3 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል።

ፍራስ አንድ ወጥ ማዳበሪያ አይደለም። የዶሮ ኩስና የበሬ እበት ሁለቱም ፍግ ቢባሉም በማሳ ላይ አንድ ዓይነት ሥራ እንደማይሠሩ ሁሉ፣ የአንዱ ፍራስ ውጤት ለሌላው ማስረጃ አይሆንም። የማንኛውም ፍራስ ዋጋ በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ ከየትኛው ዝርያ እንደተገኘ፣ ዝርያው ምን እንደበላ እና ከተሰበሰበ በኋላ ምን ያህል ጊዜ ተከምሮ እንደበሰለ።

በጫካ ውስጥ

ሰው ነፍሳትን ማርባት ሳይጀምር በፊትም ፍራስ አፈር ያዳብር ነበር። አባጨጓሬ በብዛት በወረደበት ደን፣ ኩሱ በቅጠል ላይ ሲረግፍ እንደ ካፊያ ድምፅ ያሰማል። ቅጠሉ በራሱ ጊዜ ደርቆ ቢረግፍ ኖሮ ለመበስበስ ወራት ወይም ዓመታት ይፈጅበት ነበር። በአባጨጓሬው ሆድ ሲያልፍ ግን ተፈጭቶና ከፊሉ ተሰባብሮ፣ ዝናብ በቀላሉ የሚያሟሟው ሆኖ መሬት ይደርሳል።

ይህ ማለት ግን ንጥረ ነገሩ በቀጥታ ወደ ዛፉ ይመለሳል ማለት አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ደኖች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በፍራስ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን መጀመሪያ የሚሻሙት የአፈር ደቂቅ ሕዋሳት ናቸው። ፍራሱ ለእነርሱ የሚጥም ካርቦንም ስላለው በፍጥነት ይራባሉ፤ ሲራቡም ናይትሮጅኑን በአካላቸው ያስቀሩታል። በቀይ ኦክ ላይ የተደረገ ሌላ ምርምር ግን ምልክት የተደረገበትን ናይትሮጅን ተከትሎ፣ ከፍራሱ ከፊሉ በዚያው የዕድገት ወቅት በዛፉ ቅጠል ውስጥ መገኘቱን አሳይቷል። ፍራስ እርሻ ላይ ሲውል የሚታየው ባሕርይም ይኸው ነው። ጥቂቱ ወዲያው ለተክሉ ይደርሳል፤ የቀረው በደቂቅ ሕዋሳት እጅ ቆይቶ ቀስ እያለ ይለቀቃል።

የሐር ትል ኩስ በቻይና

ፍራስን አውቆ ለእርሻ በማዋል ረገድ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ የቻይና የሐር ምርት ነው። በዤጂያንግ ክፍለ ሀገር በሁዦው አካባቢ ገበሬዎች ረግረጋማውን መሬት ቆፍረው ኩሬ አበጁ፤ በቆፈሩት አፈር ደግሞ በኩሬው ዙሪያ ግድብ ሠርተው የእንጆሪ ዛፍ ተከሉበት። የእንጆሪውን ቅጠል የሐር ትል ይበላዋል። የትሉ ኩስ ኩሬው ውስጥ ላለው ዓሣ መኖ ይሆናል። ከኩሬው ሥር የሚጠራቀመው ጭቃ በየዓመቱ እየተዛቀ ለእንጆሪው ሥር ይሰጣል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ይህን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2017 ከዓለም አቀፍ የእርሻ ቅርሶች መካከል መዝግቦታል፤ ዕድሜውንም ከ2,500 ዓመት በላይ ያደርሰዋል።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው፣ የሁዦው ገበሬ ኩሱን ብዙ ጊዜ በቀጥታ ከዛፉ ሥር አለማድረጉ ነው። ኩሱ በዓሣውና በኩሬው ጭቃ በኩል ዞሮ፣ ተብላልቶ ነው ወደ ዛፉ የሚመለሰው።

ዛሬ የሚገኝባቸው ዝርያዎች

በአሁኑ ጊዜ በብዛት ፍራስ የሚገኘው ለእንስሳት መኖ፣ ለሰው ምግብ ወይም ለክር ከሚረቡ አራት ነፍሳት ነው።

የመጀመሪያው ጥቁር ወታደር ዝንብ፣ በተለምዶ «ብላክ ሶልጀር ፍላይ» የሚባለው ነው። የትውልድ ቦታው የአሜሪካ አህጉር ሲሆን ዛሬ ሞቃት በሆኑ አገሮች ሁሉ ይገኛል። ዝንቡ ከጎለመሰ በኋላ ምግብ ፍለጋ አይዞርም፤ በሕይወት የሚቆየውም በእጭነቱ ባጠራቀመው ስብ ነው። እጩ ግን የወጥ ቤት ትራፊ፣ የፍራፍሬ ልጣጭ፣ የቢራ ብቅል አተላና ፍግ ሳይቀር ይበላል፤ ሙቀቱ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን በሁለት ሳምንት ገደማ ለመሰብሰብ ይደርሳል። ፍራሱ ጠቆር ያለ፣ እርጥበት ያዘለና የቡና አተላ የመሰለ ነው።

ሁለተኛው የዱቄት ትል ነው። በየእህል መጋዘኑ የሚታወቅ የጥንዚዛ እጭ ሲሆን የሚረባው በፉሩሽካ ላይ ነው። ደረቅ ነገር ስለሚበላ ፍራሱም ደረቅ ነው፤ ሲዘገኑት ከጣት መካከል እንደ አሸዋ ይንሸራተታል። ሦስተኛው የቤት ፌንጣ ነው። በታይላንድ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ጥናት መሠረት 20,000 ያህል የፌንጣ እርባታዎች ነበሩ፤ አርቢዎቹም ከነፍሳቱ ጎን ለጎን ኩሱን ለማዳበሪያ ይሸጣሉ። አራተኛው የሐር ትል ነው። የእርሱ ኩስ ከሌሎቹ በቅርጹ ይለያል፤ ትሉ አድጎ ሲጠና እያንዳንዷ የኩስ ቅንጣት ጠንካራ፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴና ባለ ስድስት ጎን ፍሬ ትሆናለች።

በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር

ደረቅ ፍራስ በአብዛኛው ከ2 እስከ 5 በመቶ ናይትሮጅን ይይዛል። ፎስፈረስና ፖታሲየምም አለው፤ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ዚንክና ሌሎች ጥቂት ጥቂት የሚፈለጉ ንጥረ ነገሮችም ይገኙበታል። ይህ መጠን ከተራ ብስባሽ ከፍ ይላል፤ 46 በመቶ ናይትሮጅን ካለው ዩሪያ ጋር ግን አይወዳደርም።

ልዩነቱን የሚያመጣው መኖው ነው። የጥቁር ወታደር ዝንብ እጭ ፕሮቲን የበዛበት የብቅል አተላ ሲበላ በናይትሮጅን የዳበረ ፍራስ ይተዋል። ያው እጭ የፍራፍሬ ልጣጭ ሲበላ ካርቦን የበዛበት፣ ናይትሮጅኑ የሳሳ ፍራስ ይወጣል። የመኖው ጨውም አብሮ ይወርዳል፤ ከሆቴልና ከመመገቢያ አዳራሽ የሚሰበሰብ የምግብ ትራፊ የጨው መጠኑ ከፍ ስለሚል ፍራሱም ጨዋማ ይሆናል።

ከመጠኑ ይልቅ ናይትሮጅኑ ያለበት መልክ ለተክሉ ይበልጥ ወሳኝ ነው። በየብስ የሚኖሩ አብዛኞቹ ነፍሳት ትርፍ ናይትሮጅንን የሚያስወግዱት በዩሪክ አሲድ መልክ ነው፤ ይህም በአፈር ውስጥ ቶሎ ይሰባበራል። በእርጥብ መኖ ውስጥ የሚኖረው የጥቁር ወታደር ዝንብ እጭ ፍራስ ደግሞ ከፍ ያለ የአሞኒየም መጠን አለው። የቀረው ናይትሮጅን በፕሮቲንና በነፍሳት ቅርፊት ውስጥ ባለው በካይቲን ታስሮ የአፈር ሕዋሳት እስኪፈቱት ይጠብቃል። የካርቦኑ መጠን ከናይትሮጅኑ ጋር ሲነጻጸር ከ20 እጥፍ በታች ከሆነ ናይትሮጅኑ ለተክሉ ይለቀቃል፤ ሬሾው ከዚያ በጣም ከፍ ካለ ግን ሕዋሳቱ ከአፈሩ ጭምር ናይትሮጅን ወስደው ሰብሉን ለጊዜው ያስርቡታል።

ቅርፊቱና ካይቲን

ፍራስን ከከብት ፍግ የሚለየው በውስጡ ያለው ቅርፊት ነው። የነፍሳት ቅርፊት ከካይቲን የተሠራ ነው። በሻጋታና በሌሎች ፈንገሶች የሕዋስ ግድግዳ ውስጥም ይኸው ነገር አለ፤ ተክሎች ግን በራሳቸው አካል ውስጥ የላቸውም። ስለዚህ የተክል ሥር የካይቲን ስባሪ ሲያገኝ በሕዋሱ ገጽ ላይ ባሉ ተቀባዮች አማካይነት «ፈንገስ መጣ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ መከላከያውንም ያነቃል።

ሌላው መንገድ በአፈሩ በኩል ያልፋል። ካይቲን የተጨመረበት አፈር ካይቲንን የሚበሉ ባክቴሪያዎችን ያበዛል። እነዚህ ባክቴሪያዎች የፍራሱን ቅርፊት ከጨረሱ በኋላ የጎጂ ፈንገሶችንም ግድግዳ ያጠቃሉ። ፊዩዛሪየም የተባለው ፈንገስ በሚያመጣው የማጠውለግ በሽታ ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ተስፋ ሰጪ ውጤት አሳይተዋል። ሆኖም ፍራስ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት አይደለም። የካይቲኑ መጠን ስንት ቅርፊት እንደተደባለቀበት ይለያያል፤ በላቦራቶሪ የታየ መከላከልም በማሳ ላይ ሁልጊዜ አይደገምም።

በማሳና በማሰሮ የታየው ውጤት

በአፍሪካ ስለ ፍራስ በስፋት የተጠናው በኬንያ ነው። መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ፊዚዮሎጂና ሥነ ምህዳር ማዕከል፣ በምሕጻሩ ኢሲፔ፣ የጥቁር ወታደር ዝንብ ፍራስን በበቆሎ ማሳ ላይ ሞክሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2020 አሳትሟል። በሄክታር 7.5 ቶን ፍራስ የተደረገበት መሬት፣ በገበያ ላይ ያለ ሌላ የተፈጥሮ ማዳበሪያ በተመሳሳይ መጠን ከተደረገበት 14 በመቶ ብልጫ ያለው የበቆሎ ምርት ሰጥቷል። ሁሉም በሄክታር 100 ኪሎ ናይትሮጅን እንዲሰጡ ተመጥነው ሲወዳደሩ ደግሞ ፍራሱ ከዚያ ማዳበሪያ በ27 በመቶ፣ ከዩሪያ በ7 በመቶ በልጧል።

ከዩሪያ መብለጡ በናይትሮጅን ብቻ አይገለጽም፤ ሁለቱም የሰጡት ናይትሮጅን እኩል ነበርና። ፍራሱ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ኦርጋኒክ ቁስ ጨምሮ ስለሚመጣ፣ እነዚህ በጎደሉበት አፈር ላይ ዩሪያ ብቻውን የማይሞላውን ይሞላል። አፈሩ እነዚህ ያልጎደሉት ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ሊጠብ ወይም ሊገለበጥ ይችል ነበር።

በፈረንሳይ የዱቄት ትል ፍራስ በገብስ ላይ በማሰሮ ተሞክሮ፣ ገብሱ ያደገው በኬሚካል ማዳበሪያ እንዳደገው ያህል ሆኖ ተገኝቷል። በዚሁ ሙከራ በውኃ የሚሟሟው ፎስፈረስ በፍራሱ አፈር ውስጥ በኬሚካሉ ከነበረው በአምስት እጥፍ ያነሰ ነበር። ተክሉ ግን አልተራበም። ፎስፈረሱ ቀስ እያለ ስለሚለቀቅ በጎርፍ የመታጠብና በአፈር ማዕድናት የመታሰር ዕድሉ ይቀንሳል።

በአንጻሩ የከሸፉ ሙከራዎችም አሉ። የጥቁር ወታደር ዝንብ ቅሪት ሳይበስል በተሰጠው አፈር የበቆሎ ችግኝ ቀጭጯል። ለችግኝ በሚዘጋጅ የማሰሮ አፈር ውስጥም ፍራሱ ከይዘቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ሲሆን ሰላጣና ቲማቲም ሲጠቀሙ፣ መጠኑ ከዚያ ሲያልፍ ግን ዕድገታቸው ይወርዳል።

ጥሬ ፍራስና የፌጦ ፈተና

ለውድቀቱ ዋናው ምክንያት ጥሬነት ነው። ከሣጥኑ በወጣ በማግሥቱ ፍራስ አሞኒያ ይሸታል። ይህ ሽታ ሁለት ነገር ይናገራል፤ ናይትሮጅኑ ወደ አየር እየተነነ ነው፣ የቀረውም ለቀጭን ሥር መርዝ የሚሆን መጠን አለው። ጨውና ያልተሰባበሩ አሲዶችም ይጨመሩበታል። በተጨማሪ ያልበሰለው ካርቦን የአፈር ሕዋሳትን በአንድ ጊዜ ስለሚቀሰቅስ ኦክስጅን ያሻማል፤ እርጥብ አፈር ላይ ሲሆን ደግሞ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን የከባቢ አየር ሙቀት አማቂ ጋዝ ያስወጣል።

መድኃኒቱ ማብሰል ነው። ፍራሱ ተከምሮ፣ እርጥበቱ ተጠብቆ፣ አልፎ አልፎ እየተገላበጠ ይቆያል። በኢሲፔ የብቅል አተላን በማብላላት በተደረገ ሙከራ፣ እጭ የገባበት ክምር በ5 ሳምንት ሲበስል በተለመደው መንገድ የተዘጋጀው ብስባሽ 24 ሳምንት ፈጅቷል። የነፍሳቱ ትልቁ ውለታ ይህ የጊዜ ቁጠባ ነው ማለት ይቻላል።

መብሰሉን ለማወቅ በዓለም ላቦራቶሪዎች የተለመደው ፈተና የሚሠራው ኢትዮጵያዊ ቤት ሁሉ በሚያውቀው በፌጦ ዘር ነው። ፌጦ የተመረጠው ቶሎ ስለሚበቅልና ሥሩ መርዝ ቶሎ ስለሚሰማው ነው። አንድ እጅ ፍራስ በአሥር እጅ ውኃ ተበጥብጦ ይጠለላል። በአንድ ሳህን ላይ በተነጠፈ ወረቀት 10 የፌጦ ዘር ይደረግና በተጠለለው ውኃ ይርሳል፤ በሌላ ሳህን 10 ዘር በንጹሕ ውኃ ይርሳል። ሁለቱም በጨለማና ሞቅ ባለ ስፍራ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ይቀመጣሉ። ከዚያ የበቀሉት ይቆጠራሉ፣ ሥራቸውም ይለካል።

ለምሳሌ በንጹሕ ውኃ 10ሩም በቅለው የሥራቸው አማካይ ርዝመት 30 ሚሊ ሜትር፣ በፍራሱ ውኃ ደግሞ 8ቱ በቅለው 15 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ብቅለቱ 80 በመቶ፣ ሥሩ 50 በመቶ ነው። ሁለቱ ሲባዙ 40 በመቶ ይመጣል። ብዙ ጊዜ እንደ መለኪያ የሚወሰደው 80 በመቶ ስለሆነ ይህ ፍራስ ገና ጥሬ ነው፤ ጥቂት ሳምንት ይጨመርለታል።

ደኅንነትና ሕግ

የጥቁር ወታደር ዝንብ እጭ ፍግ ሲበላ የሳልሞኔላንና የኢ ኮላይን ቁጥር ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋም። የወስፋት እንቁላል ደግሞ በእጩ ሆድ ውስጥ አልፎም ሊተርፍ ይችላል። በዚህ የተነሳ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ፍራስ ከመሸጡ በፊት ቢያንስ በ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ለአንድ ሰዓት እንዲሞቅ ያዛል። ሙቀቱ የራሱ ዋጋ አለው፤ ከተባይና ከጀርም ጋር ጠቃሚ ሕዋሳትም ያልቃሉ፣ ከአሞኒየሙም ከፊሉ ይተናል። በሙቀት ከታከመ ፍራስ የሕያው ባክቴሪያ ጥቅም መጠበቅም አስቸጋሪ ነው።

ከባድ ብረቶች በሙቀትም በጊዜም አይጠፉም። የጥቁር ወታደር ዝንብ እጭ ካድሚየምን በአካሉ ያከማቻል፤ በአካሉ ያልያዘው ብረት ግን በፍራሱ ይቀራል። መኖው ከተለየ የወጥ ቤት ትራፊ ሳይሆን ከተቀላቀለ የከተማ ቆሻሻ ከመጣ ፕላስቲክና የመስታወት ስባሪም ይከተላል። ስለዚህ የፍራስ ንጽሕና የሚጠበቀው በማሳው ሳይሆን በመኖው በር ላይ ነው።

መጠንና አጠቃቀም

የፍራስ መጠን የሚሰላው ከናይትሮጅኑ ተነሥቶ ነው። ሰብሉ በሄክታር 100 ኪሎ ናይትሮጅን ቢያስፈልገውና ደረቁ ፍራስ 2.5 በመቶ ናይትሮጅን ቢኖረው፣ የሚያስፈልገው 4,000 ኪሎ ወይም 40 ኩንታል ነው። ፍራሱ 30 በመቶ እርጥበት ካለው ቁጥሩ ወደ 57 ኩንታል ይወጣል። ያንኑ ናይትሮጅን 217 ኪሎ ዩሪያ ይሰጣል። ከፍራሱ ናይትሮጅን በመጀመሪያው ወቅት የሚለቀቀው ከፊሉ ብቻ መሆኑ ሲታሰብ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል።

ይህ ስሌት የፍራስን ቦታ ይወስናል። ለሰፊ የስንዴ ወይም የጤፍ ማሳ በሄክታር ከ40 እስከ 57 ኩንታል አጓጉዞ መበተን ከባድ ነው፤ ለአትክልት ጓሮ፣ ለችግኝ ጣቢያና በማሰሮ ለሚተከል ግን የተመቸ ነው። በማሳ ላይ የሚሻለው መንገድ ከፊሉን ናይትሮጅን በዩሪያ፣ ከፊሉን በፍራስ መስጠት ነው፤ ዩሪያው ለቅርቡ፣ ፍራሱ ለኋላው ይደርሳል። ፍራስ ከመዝራት ሁለት ሳምንት ገደማ ቀድሞ ከአፈር ጋር ቢቀላቀል ይመረጣል፤ ገጽ ላይ ከተተወ አሞኒያው ይተናል፣ ዘር ጉድጓድ ውስጥ ከተደረገ ቡቃያውን ያቃጥላል። በየዓመቱ በናይትሮጅን ልክ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ፎስፈረስ ከሰብሉ ፍላጎት በላይ ስለሚጠራቀም በየጥቂት ዓመቱ አፈሩን ማስመርመር ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ ሁኔታ

በኢትዮጵያ ፍራስ ሊገኝበት የሚችል ሥራ አስቀድሞ አለ። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የሐር ትልን ሲያጠና ቆይቷል፤ የእንጆሪ ቅጠል ከሚበላው ዝርያ ሌላ የጉሎ ቅጠል የሚበላው «ኤሪ» የተባለው ዝርያም ይረባል። ጉሎ በየአጥሩ የሚበቅል በመሆኑ የኤሪ ትል ኩስ ለጓሮ አትክልት ሊውል ይችላል። ኢሲፔም ወጣቶችን በሐርና በማር ምርት የሚያሰማራ ፕሮጀክት በአገሪቱ አካሂዷል። የቢራ ፋብሪካዎች የብቅል አተላ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለወተት ላም መኖ ስለሚፈለግ፣ ነፍሳት አርቢው ከከብት አርቢው ጋር መሻማቱ አይቀርም። የገበያ ቦታዎች የአትክልትና የፍራፍሬ ትራፊ ያን ያህል ተሻሚ የለውም።

ሁለት ነገሮች ግን መታሰብ አለባቸው። አንደኛው የአየር ጠባይ ነው። ጥቁር ወታደር ዝንብ ሙቀት ይፈልጋል፤ በቆላና በስምጥ ሸለቆ እንደ ልብ የሚረባው ዝንብ በደጋ ማሞቂያ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው የአፈር አሲዳማነት ነው። በምዕራብና በደቡብ ደጋማ አካባቢዎች ሰፊ መሬት አሲዳማ ሆኗል። የጥቁር ወታደር ዝንብ ፍራስ በአብዛኛው ገለልተኛ ወይም በትንሹ አልካላይን ስለሆነ አሲዱን በጥቂቱ ያለዝባል፤ በሄክታር በቶኖች የሚለካውን ኖራ ግን አይተካም። የሚበጀው ከኖራ ቀጥሎ ነው፤ ኖራው የታሰረውን ፎስፈረስ ሲፈታ፣ ፍራሱ ደግሞ የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ በመሄዱ ለዓመታት ለጎደለው ኦርጋኒክ ቁስ ጥቂት ማካካሻ ይሆናል።